ላዩ ላይ የተጻፈው

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በልጅነታችሁ «ኒዶ» የሚል ጣሳ ከፍታችሁ የዱቄት ወተት ያገኛችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ አላገኘሁም። በእኛ ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ባለችው መደርደሪያ ላይ ሦስት የኒዶ ጣሳዎች ነበሩ። አፋቸው በጨርቅ ተሸፍኖ በክር የታሰረ፤ ቁመታቸው እኩል፣ መልካቸው አንድ። አንዱ ሽሮ ነው፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሚጥሚጣ። ሦስቱም ላይ የተጻፈው ግን «ኒዶ» ነው። የብስኩቱን ቆርቆሮማ ተዉት፤ የክርና የመርፌ፣ የወላለቀ ቁልፍና የዕድር ደብተር መኖሪያ ነበር።

ሰባት ዓመቴ ላይ ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ ወንድም ጋሼ ነው የምንለው፣ ጣሳው ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ፊደል አንብቦ «ወተት ማለት ነው» ብሎ አስረድቶኛል። እናላችሁ፣ እማዬ ገበያ መሄዷን ጠብቄ በርጩማ ላይ ወጣሁና አንዱን አወረድኩ። ሦስት ጊዜ የተቋጠረውን ክር በጥርሴ ፈትቼ፣ ጣቴን ነክሬ ላስኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። እማዬ ስትመለስ ውሃ እያጠጣችኝ፣ በሳቅና በንዴት መሐል ሆና፣ «አንተ ልጅ፣ ሚጥሚጣ መሆኑን አታይም እንዴ?» አለችኝ። በምን ልየው? ላዩ ላይ የተጻፈው ሌላ!

እሷ ግን አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። መብራት በሌለበት ሌሊት እንኳ እጇን ሰዳ የፈለገችውን ታወርዳለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ ግን የቤቱ መዝገብ እሷ ነበረች። የማን ካልሲ የት እንዳለ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ሳጥን እንደሚከፍት፣ የአባባ የጡረታ ወረቀት በየትኛው ፍራሽ ሥር እንደተኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ማወቅም ያስፈልገናል ብለን አስበን አናውቅም። እሷን መጥራት ይበቃል።

ባለፈው ዓመት አረፈች። በለቅሶው ሰሞን ማድ ቤቱን የተረከቡት የሰፈሩ ሴቶች የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ሽሮው የቱ ነው?» የሚል ነበር። ማንም አልመለሰላቸውም። እያንዳንዱን ጣሳ እየከፈቱ ማሽተት ጀመሩ፤ አንዷ ጎረቤታችን ሚጥሚጣው ላይ አፍንጫዋን ደፍታ እስክታስነጥስ ድረስ። ለቀስተኛው ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እኔ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። የሚያውቀው ሰው ቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ዕቃ መለያ አያሻውም። መለያ የሚጻፈው፣ ያ ሰው በሌለበት ቀን ጣሳውን ለሚያነሣ ለሌላ ሰው ነው።

ይህን ነገር ቀድሞ ያስተማረኝ ሰው ነበር፤ ያኔ ግን አልሰማሁትም። በተማሪነቴ አንድ ክረምት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አንባቢ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት የሄደውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው የመመለስ ሥራ ሠርቼ ነበር። አለቃዬ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መጽሐፍ ጀርባ ላይ የምትለጠፈዋን፣ አውራ ጣት የምታክል ወረቀት አሳይተውኝ፣ «ይቺ ከወደቀች መጽሐፉ ሞተ ማለት ነው» አሉኝ። የተጋነነ መሰለኝ። ቁጥሮቹን ያወጣው ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ሥርዓቱን መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። የሰው ልጅን ዕውቀት ሁሉ በአሥር ጎራ ከፍሎ ለእያንዳንዱ መቶ መቶ ቁጥር ሰጠው። 900ዎቹ የታሪክና የጂኦግራፊ ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ 960ዎቹ የአፍሪካ፤ ከነሱም ውስጥ 963 የኛ። ሦስት ሺህ ዘመን የምንለው ታሪካችን በሦስት አኃዝ ተጠቃሎ ወረቀት ላይ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ 963 የሚለውን 693 ብዬ አነበብኩት። 693 የግንባታ ነው፤ የጡብ፣ የድንጋይ፣ የሲሚንቶ። የኢትዮጵያ ታሪክ ሦስት ወር ሙሉ ከግንበኞች ጋር ከረመ። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ልጅ በየሳምንቱ እየመጣ ይጠይቃል፣ እኛ ደግሞ በየሳምንቱ «ወጥቷል» እንለዋለን። በመጨረሻ «የጠፋ» ተብሎ ተመዘገበ። ማንም አልሰረቀውም፣ ከቤቱም አልወጣም፤ ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር የጠፋው። ሽማግሌው ሲያገኙት አልተቆጡኝም። «አየህ፣ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ ከተቃጠለ አይሻልም» ብለው መለሱት።

መለያ ሲባል ታዲያ ዕቃውን ብቻ አይደለም የሚናገረው፤ የለጠፈውንም ሰው ይናገራል። የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የኛን ደራስያን ስም ሲመዘግቡ የሚያደርጉትን አይታችኋል? እነሱ ዘንድ የሰው መጠሪያ የቤተሰብ ስሙ ነውና፣ አንዳንዶቹ የኛንም የአባት ስም ያስቀድሙታል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፈልጋችሁ «ሐዲስ» በሚለው ብትሄዱ ባዶ፤ «አለማየሁ» ብላችሁ ስትመጡ ይገኛል። ልቦለዱን የጻፉት አባትየው ናቸው እንዴ ያሰኛል። የመዝገብ ሠራተኛው ክፋት የለበትም። የራሱን አገር ሰው ሁሉ በሚያገኝበት መንገድ የኛንም ሰው አገኘሁት ብሎ ነው፤ ብቻ ሐዲስ በስማቸው ለሚፈልጋቸው ሰው ጠፉ።

ከዚህ የሚበልጥ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት መካከል 350 የሚያህሉት ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡና ቁጥር ተሰጣቸው። ከነሱ መካከል ክብረ ነገሥት ነበረ። እኛ ዘንድ የነገሥታት ሐረግ የሚቆጠርበት መጽሐፍ፣ እዚያ ኦሪየንታል 819 ሆነ። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጽፈው መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ሲጠይቁ ግን ቁጥር አልጠሩም፤ በስሙ ነው የጠሩት። ሙዚየሙ ስሙን ከቁጥሩ አገናኝቶ ፈለገው፣ አገኘው፤ በዚያው ዓመት መጽሐፉ ወደ አገሩ መንገድ ጀመረ። የለጠፉበት ቁጥር የባለቤትነት ማኅተም እንዲሆን ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን ለመውሰድ የተለጠፈችው ቁጥር ለመመለስም ጠቀመች። ቁጥር ተሰጥቶት ተመዝግቦ ባይቆይ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ብራና መካከል ማን ያወጣው ነበር?

ከመጽሐፍ ወደ ዘፈን ልውሰዳችሁ፤ የመጣሁበት ጉዳይ እሱ ነው። ሸክላ ያለው ሰው ቤት ከሄዳችሁ፣ መሐሉ ላይ ያለችውን ክብ ወረቀት ተመልከቷት። በሙጫ አልተለጠፈችም። ሸክላው ገና ትኩስ ሊጥ ሳለ ከወረቀቷ ጋር አብሮ ይታተማል፤ ስለዚህ ሳትሰብሩት አትነቅሏትም። በፈረንጆቹ አፍ ያቺ ወረቀትም፣ ሸክላውን ያሳተመው ድርጅትም መጠሪያቸው አንድ ነው፤ ሌብል ይሏቸዋል። ድርጅቱ ስሙን ያገኘው ከወረቀቷ ነው። እኛ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ክልከላ ጥሶ፣ ሸክላዎችን በውጭ አገር እያሳተመ የራሱን ስም ያቺ ክብ ወረቀት ላይ አሰፈረ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት የሚሆኑ አልበሞች አወጣ፤ ከዚያ ተሰደደ። በ2021 አረፈ። ሥራው በ1990ዎቹ መጨረሻ (ይህም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ አልበም እንደገና ለዓለም ሲሰማ፣ የትኛው ዘፈን የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ ለማወቅ አንዱ መነሻ እነዚያ ክብ ወረቀቶችና ቁጥሮቻቸው ነበሩ። ሕግ የጣሰው ሰው የለጠፈው ወረቀት የዘመኑ ምስክር ሆነ።

ከሸክላ በኋላ ካሴት መጣ፤ ከካሴት ጋር ነገሩ ተበላሸ። ካሴት ይገለበጣል፣ የተገለበጠው እንደገና ይገለበጣል፤ በየግልባጩ አንድ ስም ይረግፋል። መጀመሪያ የዜማ ደራሲው፣ ከዚያ የግጥሙ፣ ከዚያ የሙዚቀኞቹ፤ በመጨረሻ በእስክሪብቶ «ምርጥ የድሮ» የሚል ብቻ ይቀራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ከገንዘቡ ሌላ አንድ ነገር ይላል፤ የሥራው አመንጪ ስሙ የመጠቀስ መብት አለው። ዛሬ ስልካችን ውስጥ «ትራክ 01፣ ያልታወቀ አርቲስት» የሚል ስናይ ግን ማን ደንገጥ ይላል? ያ «ያልታወቀ» እኮ አንድ ቤት ውስጥ እናትና አባት፣ ሚስትና ልጆች በስሙ የሚጠሩት ሰው ነው።

እስካሁን የዕቃውን መለያ ነው ያወራሁት። ሰው ላይ የሚለጠፈውስ? ቋንቋችን እሱን «ታፔላ መለጠፍ» ይለዋል። ሱቅ ላይ የሚሰቀለውን ታፔላ ከበሩ አውርደን ሰው ግንባር ላይ መስቀላችን ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ይህ ነገር ምሳሌያዊ አነጋገር አልነበረም። በመንገድ ዳር የተጣለ የወጣት ሬሳ ላይ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ያ ወረቀት የልጁን ስም አይነግራችሁም፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ይወድ እንደነበር አይነግራችሁም። እንዲያውም ስሙን እንዳትጠይቁ ነው የተለጠፈው።

ወንድም ጋሼ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። የሰፈራችን ሰዎች ባዘጋጁት አንድ የስም ዝርዝር ላይ፣ ከስሙ ጎን «አናርኪስት» የሚል ቃል መጻፉን አንድ የሚወደን ሰው በሌሊት መጥቶ ነገረን። ጻፈ የተባለው ደግሞ እማዬ ቡና ባፈላች ቁጥር ከማይቀሩት አንዱ ነበር። ወንድሜን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ኳስ ሲጫወት አይቶታል፣ ከባድ ዕቃ አሸክሞታል። ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን ያየው የነበረው ቃሏን እንጂ ልጁን አይመስለኝም። ወንድም ጋሼ ሳይነጋ ወጣ። ሱዳን ገባ፣ ከሱዳን አሜሪካ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል አላየነውም።

እማዬ ደብዳቤ አትጽፍም። አባባ ሲጽፍላት ደግሞ «ሰላም ነን፣ አንተስ» ብሎ ይቋጨዋል፤ አንጀቷ አይርስም። ታዲያ ዘዴው ካሴት ሆነ። እሷ ትናገራለች፣ አባባ ይቀዳል፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ይላካል። ባዶ ካሴት ውድ ነበርና አባባ የሰለቸውን የዘፈን ካሴት ነበር የሚጠቀመው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የተቀዳ ካሴት እንዳይሠረዝ ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን በወረቀት ከወተፋችሁ እንደገና ይቀዳል። በላዩ ላይ ያለው የዘፋኙ ስም ግን እንዳለ ይቀራል።

በ1978 ዓ.ም. አንዱ ካሴት መልእክተኛው ቀድሞ ስለሄደ ሳይላክ ቤት ቀረ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ለአንዲት ልጅ ከሬዲዮ ዘፈን ቀድቼ ልሰጣት ቸኩያለሁ። መሳቢያ ስከፍት ማንም የማያዳምጠው፣ ያረጀ የዘፈን ካሴት አገኘሁ። ቀዳዳው ቀድሞ ተወትፏል። ላዩ ላይ የተጻፈውን አምኜ ቀዳሁበት። ካሴቱ ለልጅቷ አልደረሰም፤ ያም የራሱ ታሪክ አለው። እማዬ ካሴቱን ስታጣው ምን እንዳደረግኩ ገባኝና ዝም አልኩ። እሷም «እንግዲህ ሌላ እንናገራለን» ብላ ተወችው። ለአርባ ዓመት ያህል ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድም ጋሼ ለአርባዋ መጣ። አንድ ማታ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ «የእማዬ ድምፅ ያለበት ካሴት እዚህ የለም? የኔዎቹ ቤት ስለዋውጥ ጠፍተውብኛል» አለኝ። የስተርጅናዋ ድምፅ በስልኩ ውስጥ አለለት። እሱ የሚፈልገው ያንን የድሮውን ነው፤ በሰው አገር ክረምት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ ያዳምጠው የነበረውን። ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ካሴቶቹን አምጣቸው» አለኝ።

በአንድ የፓስታ ካርቶን ውስጥ 31 ካሴቶች ነበሩ። ከነሱ መካከል የተጻፈበትንና በውስጡ ያለውን አንድ ሆኖ ያገኘነው ከግማሽ አይበልጥም። ሁለት ሌሊት አዳመጥን። በሦስተኛው ሌሊት ከአንዱ ካሴት የኔ የሬዲዮ ዘፈኖች መጡ፤ አንገቴን ደፋሁ። ወንድም ጋሼ ግን አላጠፋውም። የመጨረሻው ዘፈን መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ተቋረጠ፤ ያኔ ማቆሚያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የቴፕ ሹሹታ። ከዚያ ከወሬዋ አጋማሽ ላይ እማዬ ገባች።

«...ሦስቱንም በጨርቅ ቋጥሬዋለሁ። መቼም አላነብም፣ አልጽፍበትም፤ አንተ ግን ክሩን እይ። አንድ ቋጠሮ ያለው ሽሮ ነው። ሁለት ቋጠሮ በርበሬ ነው። ሦስት ቋጠሮ ያለው ሚጥሚጣ ነው፤ እሱን የፈታህበትን እጅ ዐይንህን እንዳትነካበት። ታናሽህ በልጅነቱ...» ብላ ሳቀች፤ አባባም ከኋላ ሲስቅ ይሰማል። አራት ደቂቃ ገደማ ነው። ስለ ጤናው ጠየቀች፣ መርቃው አለቀ።

ሁለታችንም ሳንነጋገር ተነሥተን ማድ ቤት ሄድን። ሦስቱ ጣሳዎች እንዳሉ ናቸው፤ ለቀስተኞቹ መልሰው አስረዋቸዋል፣ በዘፈቀደ። ከጣሳው አንገት ላይ የቀረውን አሮጌ ክር ግን በባትሪ አየነው። አንድ። ሁለት። ሦስት። ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ መደርደሪያ ሥር ሳልፍ ኖሬያለሁ። ጽሑፉ ነበረ፤ ማንበብ የማልችለው እኔ ነበርኩ። ስለ ሚጥሚጣው «አታይም እንዴ?» ያለችኝም ለካ የምሯን ነው።

በማግስቱ የካሴቱን ድምፅ ወደ ስልክ ቀዳነው። ስልኩ በራሱ ሥልጣን «ቅጂ 14» ብሎ ሰየመው። ወንድም ጋሼ መነጽሩን አድርጎ፣ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገ፣ ሠርዞ «እማዬ፣ 1978» ብሎ ጻፈበት። እኔም የካሴቱን ወትፍ አውጥቼ፣ የዘፋኙን ስም ሠርዤ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ይህንን አሰፈርኩ፦ «የእማዬ ድምፅ። መጨረሻው ላይ። እንዳይቀዳበት።» ከኔ በኋላ መሳቢያውን የሚከፍት ልጅ ይኖራላ።

ወንድም ጋሼ ሊሄድ ሲል ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ ቋጠርኩለት። ለጉምሩኩ ሰው ሲባል በየከረጢቱ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጠፍኩ። ክሩን ግን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሰርኩት። እሱ ወረቀቱን አያነብም።